የ2007 ጂቲአይዬን ጥቃቅን ብልሽቶች ስጠግን፦ የሰባት ሳምንት የሥራ ማስታወሻ

ሳምንት 1፦ ዝርዝሩ

መኪናዋ የ2007 ቮልስዋገን ጂቲአይ ናት፤ አምስተኛው የጎልፍ ትውልድ። ባለ 2.0 ሊትር ተርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ) ሞተር፣ 200 የፈረስ ጉልበት፣ ባለ ስድስት ማርሽ ማንዋል። 121,000 ማይል ተነድታለች። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ከአንድ ተማሪ በ4,200 ዶላር ገዛኋት። ፍሪሲዮኗ ጥሩ ነው። ዝገት የላትም። ዳማ ዳማ የሆነው የወንበሯ ጨርቅ እንኳ አልተቀደደም።

የረከሰችበት ምክንያት አለ። ልጁ የሞተር መብራት ሲበራበት አንድ ጋራዥ ወስዷት ነበር። "ተርቦው ሄዷል፤ 1,900 ዶላር" አሉት። እኔ ነድቼ ሳያት ሰማያዊ ጭስ የለም። የተርቦው ፉጨት ንጹህ ነው። ዘይቷም አልጎደለም። ጉልበት አነሳት ማለት ተርቦዋ ሞተ ማለት አይደለም። ይህን ይዤ ነው የገዛሁት።

ቤት እንደገባሁ የመኪናዋ ኮምፒውተር የመዘገበውን የብልሽት ኮድ አነበብኩ። ለዚህ በ27 ዶላር የገዛሁት ትንሽ ስካነር በቃኝ። በኋላ ግን ለቮልስዋገን የሚሠራውን ቪሲዲኤስ የሚባል የላፕቶፕ መመርመሪያ ከጓደኛዬ ተዋስኩ። ሦስት ኮድ ወጣ። ፒ0299፦ ተርቦው የተጠየቀውን ግፊት አልሰጠም። ፒ0303፦ ሦስተኛው ሲሊንደር ይስታል፤ ቤንዚኑ በትክክል አይቃጠልበትም። ፒ2187፦ ሚኒሞ ላይ (ቆማ ሞተሩ ብቻ ሲሠራ) አየር በዝቶ ቤንዚን አንሷል።

ኮድ የማይሰጡትንም ጻፍኩ። የሹፌሩ በር ሲከፈት የውስጥ መብራት አይበራም። የኋላ መስታወት ማጠቢያው ውኃ አይረጭም። በተሳፋሪው እግር ስር ምንጣፉ እርጥብ ነው፤ ይሸታልም። እኔን ያሳሰበኝ ይሄ የመጨረሻው ነው። ውኃ ቀስ ብሎ ሽቦና የኤሌክትሮኒክስ ሳጥን ይበላል።

ስለ ቺንጊያው ጠይቄያለሁ። ይህ ሞተር ቫልቮቹን የሚከፍተው የካምሻፍት ዘንግ ቺንጊያው ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስተን ጋር ይጋጫሉ፤ ቴስታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይበላሻል። ልጁ በ98,000 ማይል እንደተቀየረ የሚያሳይ ደረሰኝ ሰጠኝ። ደረሰኙ ባይኖር ኖሮ ከሁሉ በፊት የምቀይረው እሱን ነበር።

የሥራ ቦታ፦ የምኖርበት አፓርታማ ፓርኪንግ ውስጥ መኪና መሥራት ክልክል ነው። ስፕሪንግፊልድ የሚኖር ጓደኛዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ደጃፉን ፈቀደልኝ። ከእሱ ጎን የሚኖሩ አንድ ጋሼ አሉ። አዲስ አበባ ለብዙ ዓመታት መካኒክ ነበሩ፤ ሙያውን የጀመሩት በቮልስ ነው። ተርቦ ላይ ብዙ አልሠሩም። አፈታተሽ ግን ከእሳቸው የተማርኩትን ያህል ከየትም አልተማርኩም።

ሳምንት 2፦ ኮይልና ካንዴላ

እዚህ ላይ ተሳሳትኩ።

ፒ0303ን እንዳየሁ አራት ኮይል አዘዝኩ። ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው፣ የድሮ መካኒኮች ቦቢና የሚሉት ነው። በዚህ ሞተር ላይ እያንዳንዱ ካንዴላ የራሱ ኮይል አለው። አራቱ በ33 ዶላር ሂሳብ 132 ዶላር፤ አራት ካንዴላ 52 ዶላር። ሲደርሱኝ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ቀየርኩ። ሞተሩ መሳቱን ተወ። ደስ አለኝ።

ጋሼ መጥተው አዩ። "አሮጌዎቹን የት አደረግካቸው?" አሉኝ። አሳየኋቸው። "የትኛው ነው የተበላሸው?" መልስ አልነበረኝም።

የነገሩኝ ሙከራ ምንም ወጪ የለውም። ሦስተኛው ሲሊንደር ላይ ያለውን ኮይል ወደ አንደኛው ታዛውራለህ። የአንደኛውን ወደ ሦስተኛው። ኮዱን አጥፍተህ ትነዳለህ። ኮዱ ፒ0301 ሆኖ ከመጣ ጥፋቱ ከኮይሉ ጋር ተዛውሯል ማለት ነው። ፒ0303 ሆኖ ከቀረ ካንዴላውን፣ ከዚያ ኢንጀክተሩን ትፈትሻለህ። አሮጌዎቹን መልሼ አንድ በአንድ ሞከርኳቸው። የሞተው አንዱ ብቻ ነው። በ33 ዶላር የሚያልቅ ነገር ላይ 132 አወጣሁ። ሦስቱን ደህና ኮይሎች ጠቅልዬ የመለዋወጫ ጎማው ጋ አስቀመጥኳቸው፤ መንገድ ላይ ይጠቅማሉ።

ለሚሞክር ሰው ሁለት ነገር። የኮይሉ ሶኬት ላይ ያለው የፕላስቲክ ማሰሪያ በሙቀት ደርቋል፤ ስትጎትተው ይሰበራል። እኔ አንዱን ሰብሬያለሁ። ሞተሩ ለብ ሲል መሥራት ይሻላል፤ ፕላስቲኩ ይለዝባል። ካንዴላውን ደግሞ በእጅ ግምት አታጥብቀው። ቴስታው አሉሚኒየም ነው። በቶርክ መፍቻ 30 ኒውተን ሜትር ሰጠሁት።

እስካሁን ከስካነሩ ጋር፦ 211 ዶላር።

ሚኒሞው ግን አሁንም ይንቀጠቀጣል። ፒ2187 በሁለተኛው ቀን ተመልሶ መጣ።

ሳምንት 3፦ ፒሲቪ፣ ከዚያም ማንም ያልጠየቀኝ ሥራ

በዚህ ጊዜ ከመግዛቴ በፊት ፈተሽኩ። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ለመክፈት ሞከርኩ። ወደ ውስጥ አጥብቆ ሳበው፤ በጉልበት ነው ያነሳሁት። ስከፍተው ሞተሩ ሊጠፋ ደረሰ። በደህና ሞተር ላይ እንዲህ አይስብም። ከሞተሩ አናት ላይ የተቀመጠው ፒሲቪ ቫልቭ (የሞተሩን የውስጥ ጭስ ወደ መግቢያው የሚመልሰው) ውስጡ ያለው ስስ ጎማ ተቀዷል ማለት ነው። ስለዚህ ሞተሩ ያልተለካ አየር በዚያ በኩል ይስባል። ኮምፒውተሩ የለካው አየር ሌላ፣ የገባው አየር ሌላ። ኮዱም የሚለው ይህንኑ ነው።

ፒሲቪው 68 ዶላር። ጫፉ ኮከብ በሚመስል ቲ30 ቶርክስ ቁልፍ የሚፈቱ ጥቂት ቡሎኖች ናቸው፤ ግማሽ ሰዓት አልፈጀብኝም። የድሮውን ከፍቼ አየሁት። ጎማው ጠርዝ ላይ እንደ ጨረቃ ተቀዷል። አዲሱ ሲገባ ሚኒሞው ወዲያው ተረጋጋ። ቤንዚን ማቆሚያ ላይ ቆሜ መሪው በእጄ ሳይንቀጠቀጥ የቀረበት የመጀመሪያ ቀን ነው።

እዚያው ላይ እያለሁ አንድ ነገር ማየት ነበረብኝ። ይህን ሞተር የገዛ ሁሉ ሊያየው የሚገባ ነው። ምንም ኮድ ባይኖርም።

ይህ ሞተር ቤንዚን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ይረጫል። ለዚያ የሚያስፈልገውን ከፍተኛ ግፊት የሚሰጥ ፖምፓ ቴስታው ጫፍ ላይ አለ። ፖምፓውን የሚገፋው ካምሻፍቱ ነው። በሁለቱ መካከል እንደ ትንሽ ኩባያ ያለች ብረት አለች፤ ካም ፎሎወር ይሏታል። ላይዋ ጥቁር ጠንካራ ሽፋን አለው። ሽፋኑ ሲያልቅ ብረቱ ይበላል። ብረቱ ሲበሳ የፖምፓው ዘንግ በቀጥታ ካምሻፍቱን ይቆፍራል። ያኔ ፖምፓም ካምሻፍትም ይሄዳል። የብረቷ ዋጋ 46 ዶላር ነው። ካምሻፍት መቀየር ከሺህ ዶላር በላይ ያስወጣል።

አፈታቱ ከባድ አይደለም፣ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። ሞተሩ ቀዝቅዞ ነው የሠራሁት። የቤንዚኑ መስመር ግፊት ስላለው መነጽር አድርጌ፣ ጨርቅ አልብሼ ቀስ ብዬ ፈታሁት። ፖምፓውን የያዙት ሦስት ቡሎኖች ናቸው። ከስሩ ስፕሪንግ አለ። ስለዚህ አንዱን ጨርሶ መፍታት አይገባም፤ ሦስቱንም በየተራ ግማሽ ግማሽ ዙር።

ፎሎወሯ ስትወጣ መሃሏ ላይ ጥቁሩ ሽፋን ጠፍቷል። እንደ መስታወት የሚያበራ ክብ ብረት ቀርቷል። አልተበሳችም። ጣቴን ሳሳልፍባት ትንሽ ጉድጓድ ይሰማኛል። በባትሪ አብርቼ ካምሻፍቱን አየሁት፤ ለስላሳ ነው፣ ጭረት የለውም። በጊዜ ደርሼላታለሁ። ልጁ ስለዚህ ነገር ሰምቶ አያውቅም።

አዲሷን ዘይት ቀብቼ ከተትኩ። አዲስ ማሸጊያ ጎማና ቡሎን 14 ዶላር። ዘይት 34፣ የዘይት ፊልትሮ 9። ዘይቱ 5 ደብሊው 40 ሲንተቲክ ነው፤ ለዚህ ሞተር ቮልስዋገን 502 የሚለውን ደረጃ የሚያሟላ መሆኑን ጠርሙሱ ላይ ማንበብ ያስፈልጋል። ከእንግዲህ በየሁለተኛው ዘይት ቅያሪ ይህችን ብረት እከፍታታለሁ።

ድምር፦ 382 ዶላር።

ሳምንት 4፦ "የሞተው" ተርቦ

የቀረው ፒ0299 ነው። ቪሲዲኤስ ላይ ብሎክ 115 የተጠየቀውን የተርቦ ግፊትና የተገኘውን ጎን ለጎን ያሳያል። ጓደኛዬ ላፕቶፑን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ። ሃይዌይ መግቢያው ላይ በሦስተኛ ማርሽ ቤንዚን ሰጠሁ። የተጠየቀው 1,750 ሚሊባር፤ የተገኘው 1,380። ግፊቱ የሆነ ቦታ ያመልጣል።

ከመፍታቴ በፊት ነጻ የሆኑትን ፈተሽኩ። የኢንተርኩለሩን (የተጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘውን) ቱቦዎች በእጄ ዳሰስኩ፤ ማሰሪያቸው አልላላም፣ መገጣጠሚያው ላይ ዘይት አላላበም። ግፊቱን የሚቆጣጠረውን ኤን75 ቫልቭ በቪሲዲኤስ አዘዝኩት፤ ጠቅ ጠቅ አለ። ስለዚህ ወደ ዳይቨርተር ቫልቩ።

ቫልቩ ተርቦው ላይ ነው የተገጠመው። እግርህን ከቤንዚን ላይ ስታነሳ የአየሩ በር ይዘጋል። ተርቦው ግን እየተሽከረከረ ነው፤ የጨመቀው አየር መውጫ ያጣል። ያኔ ይህ ቫልቭ ተከፍቶ አየሩን ወደ መግቢያው ይመልሰዋል። የቀደሙት ሞዴሎች ውስጣቸው ስስ ጎማ ነው። በሙቀት ይቀደዳል። ከተቀደደ ቤንዚን ስትሰጥም አየሩ በዚያው ያመልጣል። ኮምፒውተሩ ግፊት አነሰ ይላል፤ ሰው ደግሞ ተርቦው ሞተ ይላል።

የሚደረሰው ከታች ነው፣ በተሳፋሪው በኩል። በክሪክ ብቻ ተነስታ ከቆመች መኪና ስር አልገባም፤ ማንም እንዲገባ አልመክርም። ጥንድ የብረት ካቫሌቶ በ45 ዶላር ገዛሁ። ሦስቱ ቡሎኖች በ5 ሚሊ ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ ይፈታሉ። ሁለቱ ቀላል ናቸው። ሦስተኛውን ዓይን አያየውም፤ በጣት ብቻ ነው። ቁልፉ በደንብ ሳይቀመጥ ጠመዘዝኩትና ራሱን መላጥ ጀመረ። ቆምኩ። አንድ ርካሽ ቁልፍ በመጋዝ አሳጥሬ፣ ጫፉን አጽድቼ፣ በመዶሻ ቀስ ብዬ መትቼ አስገባሁት። ዞረ። ይህ አንድ ቡሎን ብቻውን ሁለት ሰዓት ወሰደብኝ።

ቫልቩ ሲወጣ ጎማው ከግማሽ በላይ ተቀዷል። አዲሱ 72 ዶላር፤ ውስጡ ጎማ ሳይሆን ፒስተን ያለው የተሻሻለው ነው። አዲስ ቡሎኖች 6 ዶላር።

ከዚያ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ማርሽ ለካን። የተጠየቀው 1,750፤ የተገኘው 1,740። መኪናዋ ሌላ መኪና ሆነች። ጓደኛዬ ላፕቶፑን በሁለት እጁ ያዘ። 1,900 ዶላር የተባለው ሥራ ይሄ ነበር። ልጁን ደውዬ ነገርኩት፤ ሊያውቀው ይገባል ብዬ ነው።

ድምር፦ 505 ዶላር።

ሳምንት 5፦ የሹፌሩ በር

የበሩ መቆለፊያ ውስጥ በሩ መከፈት መዘጋቱን የሚያውቅ ትንሽ ስዊች አለ። እሱ ሲሞት መኪናዋ በሩን ሁልጊዜ እንደተዘጋ ትቆጥረዋለች። መብራት የለም፤ የፊት መብራት ሳታጠፋ ስትወርድም ማስጠንቀቂያ የለም። አንድ ጊዜ ባትሪ ጨርሳብኛለች።

ሙሉውን መቆለፊያ መግዛት ይቻላል። ስዊቹ ብቻውን ግን 5 ዶላር ነው። ሁለት ገዛሁ፤ ስበይድ አንዱ ቢቃጠል ብዬ።

የዚህች መኪና የበሯ የውጭ ቆርቆሮ በቡሎን የታሰረ ነው፤ ይወልቃል። ከማላላቴ በፊት በየቡሎኑ ዙሪያ በናስትሮ ምልክት አደረግኩ። ባላደርግ ኖሮ ስመልሰው በሩ ከፓራፋንጎው ጋር አይገጥምም ነበር። መቆለፊያውን የያዙት ሁለት ቡሎኖች ቶርክስ ይመስላሉ። አይደሉም፤ አስራ ሁለት ጥርስ አላቸው። መጀመሪያ በቶርክስ ሞከርኩና መንሸራተት ሲጀምር ተውኩት። ትክክለኛው ስብስብ 18 ዶላር ነው፤ ቮልስዋገን ያለው ሰው አንድ ቀን መግዛቱ አይቀርም።

መቆለፊያውን ከፍቼ አሮጌውን ስዊች በሊድ ነቅዬ አዲሱን በየድኩ። ከመግጠሜ በፊት ሶኬቱን ሰክቼ በካቻቢቴ መቆለፊያውን እንደ በር ዘጋሁት፣ ከፈትኩት። መብራቱ በራ። ከዚያ ነው የገጠምኩት። የተሰበሩ የፕላስቲክ ክሊፖች 9 ዶላር።

ድምር፦ 542 ዶላር።

ሳምንት 6፦ ውኃው

በጣም ያደከመኝ ይህ ነው። ያበላሸሁትም ራሴ ስለሆንኩ በዝርዝር እጽፈዋለሁ።

ጣሪያዋ ላይ የሚከፈት መስታወት አለ። ዙሪያው ውኃ እንዳይገባ የታሸገ አይደለም፤ ውኃው ይገባል፣ በአራት ማዕዘን በአራት ቀጭን ቱቦ ይወርዳል። የፊቶቹ ቱቦዎች በፊት መስታወቱ ምሰሶ ውስጥ አልፈው ከበሩ ማጠፊያ አካባቢ ይወጣሉ። ጫፋቸው ላይ ያለች ጎማ በቅጠልና በአቧራ ትደፈናለች።

አንድ ኩባያ ውኃ በቀኝ ማዕዘኑ አፈሰስኩ። ቆመ፤ አልወረደም። ምክንያቱን አገኘሁ ብዬ ኮምፕረሰር አመጣሁና ነፋሁበት። ፏ አለ። የተከፈተ መሰለኝ። ድጋሚ ውኃ ሳፈስ ግን ሁሉም ምንጣፉ ላይ ወረደ። አየሩ ቆሻሻውን ሳይሆን ቱቦውን ነው የገፋው፤ ከጫፉ ጎማ ነቅሎታል። ከጠብታ ወደ ጎርፍ።

የምሰሶውን ሽፋን አውርጄ፣ የጓንት ማስቀመጫውን ፈትቼ ቱቦውን አገኘሁት። መልሼ ሰክቼ በማሰሪያ አጠበቅኩት። ጫፉ ላይ ያለውን ጎማ ትንሽ ቆርጬ አሰፋሁት። ከዚያ ሣር ማጨጃ ላይ የሚገባውን ወፍራም የናይሎን ክር ከላይ ከተትኩ። ክሩ በቱቦው ውስጥ ተጣጥፎ ያልፋል፣ ቱቦውን አይነቅልም። ጥቁር ጭቃ ይዞ ወጣ። መጀመሪያም ማድረግ የነበረብኝ ይህንን ነው። ክሩ 6፣ ማሰሪያው 3 ዶላር።

ምንጣፉ ሌላ ሥራ ነው። ስሩ ወፍራም ስፖንጅ አለ፤ ላዩ ቢደርቅም ውስጡ ውኃ ይዞ ይቀመጣል። በቫኪዩም መጠጥኩ። ከዚያ እርጥበት መሳቢያ ማሽን ተውሼ መስኮቶቹን ዘግቼ ሦስት ቀን አሠራሁት። የመጀመሪያው ቀን ብቻ የማሽኑ ባልዲ ሁለት ጊዜ ሞላ። ከስሩ ያለውን የሽቦ ሶኬት ሁሉ ነቅዬ አየሁ፤ አንዱ ላይ አረንጓዴ ዝገት ጀምሯል። በኮንታክት ማጽጃ አጠብኩት።

ድምር፦ 551 ዶላር።

ሳምንት 7፦ ኢሚሽንና የተረፉት

የኋላ ማጠቢያው ቀላል ሆነ። ቱቦው የኋላው በር በሚታጠፍበት ጎማ ውስጥ ተቆርጦ ነበር። ለመቆረጡ ምልክቱ ጣሪያው ጨርቅ ላይ የነበረች ትንሽ እርጥብ ቦታ ናት። 7 ዶላር የሚሆን መገናኛ።

በሰሜን ቨርጂኒያ መኪና በየሁለት ዓመቱ ኢሚሽን፣ ማለትም የጭስ ብክለቷ፣ ይመረመራል። የሞተር መብራት ከበራ አያልፍም። እኔ ዓርብ ማታ የቀሩትን የድሮ ኮዶች አጥፍቼ ቅዳሜ ጠዋት ሄድኩ። መብራቱ ጠፍቷል፣ ግን መለሱኝ። ኮድ ሲጠፋ መኪናዋ ራሷን የምትፈትሽባቸው ሙከራዎችም አብረው ይጠፋሉ። ገና ያልተጠናቀቁ ከሆነ ምርመራው አይቀበላቸውም። እስኪሞሉ መንዳት ነው። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ማስነሳት፣ ከተማ ውስጥ መቆም መሄድ፣ ከዚያ 395 ሃይዌይ ላይ በአንድ ፍጥነት ረዘም አድርጎ መንዳት። ታንኩን ሙሉም ባዶም አላደርግም፤ ግማሽ አካባቢ። ስካነሩ የትኛው እንደተጠናቀቀ ያሳያል። ስድስት ቀንና 180 ማይል ወሰደ። ሁለተኛ ስሄድ አለፈች።

አጠቃላይ ወጪ የምርመራውን ክፍያ ሳይጨምር 558 ዶላር። ከዚህ ውስጥ 99ኙ ያለ ምክንያት የገዛኋቸው ሦስት ኮይሎች ናቸው።

የቀረ አለ። ቤንዚኑ በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ስለሚረጭ የመግቢያ ቫልቮቹን የሚያጥብ ነገር የለም። ከዘይት ጭጋግ የሚመጣ ጥቁር ካርቦን ይከማችባቸዋል። ጠዋት ስትነሳ ለሁለት ሦስት ሰከንድ የምትንተፋተፈው ከዚያ ይመስለኛል። መምሰል ግን አይበቃም። ትንሽ ካሜራ ተውሼ አይቼ ነው የምወስነው። ጋሼም "ሳታይ እንዳትገዛ" ብለውኛል።

ትናንት ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። ምንጣፉ ስር ጋዜጣ አንጥፌ ነበር። ጠዋት ከሥራ በፊት ወርጄ አወጣሁት። ደረቅ ነው።